ለላንድሮቨሩ የተለመነ ሳሙና

በ1975 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። ሾፌሩ ደሞዝ ገና በማለዳ ከመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ከነዳጅ ታንኩ የሚንጠባጠበው ቤንዚን በክርኑ በኩል ወደ ብብቱ ይወርዳል። ትናንት ከወንዛዬ ሲመለስ ድንጋይ የበሳው ቦታ ነው፤ ቀዳዳው ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ለጋራዡ ኃላፊ ወዲያው ነግሮት ነበር። «በሦስት ኮፒ ጽፈህ አቅርብ» አለው። ጽፎ አቀረበ። ዛሬ ሲመጣ ኃላፊው ማኅተሙን ቆልፎ አዲስ አበባ ሄዷል።

«ጋሽ ደሞዝ፣ በረዶው እስከ ስምንት ሰዓት ቢቆይ ነው» አለች ሲስተር የሺአረግ፣ የክትባቱን ሣጥን እንደ ሕፃን አቅፋ። ከአዲስ አበባ ተመድባ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። «የእንፍራንዝ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እየጠበቁን ነው። ባለፈው ወር ብቻ ኩፍኝ አሥራ አንድ ልጅ ገድሎባቸዋል።»

«ታዲያ እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ? ቀዳዳው እኔ ነኝ እንዴ?»

ከተናገረ በኋላ ቆጨው። ባልዲ ውስጥ የተጠራቀመውን ቤንዚን ወደ ታንኩ መልሶ፣ ሲስተርን አሳፍሮ ወደ ሹም አቦ ሰፈር ነዳ፤ ወደ በያጁ ክንዱ ዘንድ።

ክንዱ ጎንበስ ብሎ አየና ሁለት እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገ። «እዚህ ላይ እሳት ላስጠጋ? ታንኩ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ውኃ ተሞልቶ ነው የሚበየደው። ሁለት ቀን ስጠኝ።»

«ሁለት ቀን ቢኖረኝ ምን ያቻኩለኝ ነበር!»

«እንግዲያው ሳሙና ጠቅጥቅበት። ሳሙናን ቤንዚን አያሟሟውም።»

«ሳሙና አለህ?»

ክንዱ ከሰል የመሰሉ መዳፎቹን ዘረጋለት። «እጄን አታየውም?»

ከቀበሌው ሱቅ ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። ሻጩ ስብሰባ ላይ ነው። ዘበኛው ደሞዝን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የራሽን ካርድ ይዘሃል?»

«ሳሙናውን ለመኪና ነው የምፈልገው።»

«መኪናው በየትኛው ቀበሌ ነው የተመዘገበ?»

ደሞዝ ይቀልድ እንደሆነ ብሎ ፊቱን አየው። ዘበኛው አልሳቀም። ደሞዝ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን በቡጢ መታው፤ እጁን አመመው እንጂ ምንም አልፈየደለትም።

«ሐይቁ ዳር ልብስ የሚያጥቡ አይጠፉም» አለች ሲስተር ቀስ ብላ።

ጣና ዳር አንዲት መነኩሴ ብቻቸውን ድንጋይ ላይ ነጫጭ ቀሚስ ያሻሉ። እማሆይ ወለተ ሚካኤል ይባላሉ። አጠገባቸው በጨርቅ ላይ አንድ ፍሬ ሳሙና፣ ገና ያልተነካ፣ ተቀምጧል። ደሞዝ እጅ ነስቶ ለመናቸው።

«ይኼ ለካህናቱ ልብስ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ነገ ለቅዳሴ ይለብሱታል። አንተ ለመኪና ትለኛለህ?»

«እማሆይ፣ ከማለዳ ጀምሮ ሰው ሁሉ ምክንያት ሲነግረኝ ሰለቸሁ! አንዱ ማኅተም፣ አንዱ ካርድ፣ እርስዎ ደግሞ ቅዳሴ! እኔ ምን ልሁን?»

ድምፁ ሐይቁ ላይ አስተጋባ። መነኩሴ ላይ መጮሁ ገባውና አንገቱን ደፋ። እማሆይ ግን እሱን ትተው ሲስተርን አዩ።

«ሣጥኑ ውስጥ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የኩፍኝ ክትባት ነው፣ እማሆይ። ለሕፃናት።»

እማሆይ እጃቸውን ከውኃው አወጡ። «ሦስት ወልጄ ሁለቱን በኩፍኝ ቀበርሁ» አሉ። ሳሙናውን አንስተው በደሞዝ መዳፍ ላይ አኖሩት። «ካህናቱ በእንዶድ የታጠበ ይልበሱ። ሂድ፣ አትቁም!»

እዚያው መኪናው ሥር ገባ። ከሲስተር የተቀበለውን ጥጥ ከሳሙናው ጋር አሽቶ ጠቀጠቀው። ወደቀ። እንደገና ጠቀጠቀው፤ ቤንዚን ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሊሳደብ አፉን ከፍቶ የእማሆይን ባዶ እግር በጎማው በኩል አየና ዋጠው። በሦስተኛው ያዘ። ጣቱን አስጠግቶ እስከ ሃያ ቆጠረ፤ ጠብ አላለም።

ወረታ ላይ ቆሞ ዳሰሰው፣ አዲስ ዘመን ላይ ቆሞ ዳሰሰው። በየጉድጓዱ ቀስ እያለ እየነዳ ሰባት ሰዓት ላይ እንፍራንዝ ገቡ። ሲስተር ሣጥኑን ስትከፍት አውራ ጣት የሚያህል በረዶ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል።

«አለ!» ብላ ጮኸች።

ከሰባ የሚበልጡ እናቶች በዋርካው ሥር ተደርድረዋል። ደሞዝ ጋደም ሊል ቦታ ሲያይ ሲስተር ጠራችው።

«ጋሽ ደሞዝ፣ ይህን ልጅ ይያዙልኝ።»

«ይኼም የሾፌር ሥራ ሆነ?» አለ። ግን ያዘው። ሕፃኑ የቤንዚኑን ሽታ ሽሽት ፊቱን አዙሮ አለቀሰ፤ እናቱም አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። «ምን ላድርግ፣ እመቤቴ፣ ሽቶ ከየት ላምጣ» እያለ እየተነጫነጨ ሁለተኛውን ተቀበለ፣ ሦስተኛውን ተቀበለ፣ የመጨረሻዋ ሕፃን ክንዷን እስክትወጋ ድረስ።