ጠንካራው ባሌስትራ

ትዕዛዙን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ደክሞታል። ከአዘና እንጅባራ፣ ከእንጅባራ አዘና ሚኒባስ ሲነዳ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እንዴት ነህ ሲሉት «ይኸው እንደምታየኝ» ይላል እንጂ ደህና ነኝ ብሎ አያውቅም። ዘንድሮ ደግሞ የድካሙ ሁሉ አውራ መጣ። ሚስቱ የሻረግ ከድንች ማሳ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከነሸክሟ ወደቀች፤ የጀርባ አጥንቷ ተሰበረ። ባሕር ዳር ወስዷት ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ብረት ገባላት። ግራ እግሯ ግን በድን ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ሲሸኛቸው ቁርጡን ነገራቸው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና አርብ፣ እንጅባራ ሆስፒታል እየተመላለሰች እግሯን ካሠራች ትራመዳለች። ካቋረጠች እግሩ እንደዚሁ ይቀራል። ስድስት ወር ነው አላቸው።

ስድስት ወር ብሎ መናገር ምን አለበት! ሐኪሙ መንገዱን አያውቀው። ጤነኛ ሰው እንኳ ኩላሊቱን በእጁ ይዞ የሚወርድበት ኮረኮንች ነው። እዚያው እንጅባራ ቤት ተከራይታ ለምን አትቀመጥም ትሉ ይሆናል። ማን ያነሳታል? ማን ያገላብጣታል? ጎረቤቶቿ ያሉት አዘና፣ ቤቷ አዘና፣ ባሏም ቢሆን ማታ የሚገባው አዘና ነው።

ትዕዛዙ የሚኒባሱን የመሃል ወንበሮች ፈትቶ ፍራሽ አነጠፈላትና መመላለስ ጀመሩ። በሁለተኛው ሳምንት መኪናው ከኋላ በኩል «ቋ» ብሎ ጮኸና ተንጋደደ። ባሌስትራው ተሰበረ፤ ያ ከኋላ ጎማ በላይ ተደራርቦ መኪናውን የሚሸከመው ብረት። ነገር ሲመጣ ተያይዞ አይደል የሚመጣው? እየተንፏቀቀ ሆስፒታል አደረሳትና፣ ስትጨርስ ጭኗት ዮናዳብ ጋራዥ ገባ።

ዮናዳብ ገና ሠላሳ ያልሞላው የእንጅባራ ልጅ ነው። እሁድ እሁድ ቸርች ውስጥ ጊታር ይጫወታል፤ ሌላውን ቀን መኪና ሥር ተጋድሞ ይውላል። ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«ሁለት ምርጫ አለኝ ጋሼ» አለ። «አንዱ ከጭነት መኪና ላይ የተፈታ ነው፤ እኔ ነኝ ቆርጬ ያስተካከልኩት። ወፍራም ነው። የገበያ ቀን ሃያ ሰው ከነድንቹ ቢጭኑበት ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው አዲስ ነው፣ ንዝረቱን ከሚውጠው ሾክ አብዞርበር ጋር ነው የሚገባው። ስስ ነው፣ ለስላሳ። እንቁላል ይዘው ቢሄዱበት አይሰበርም። ግን ትርፍ ሰው ከጫኑበት በሁለት ወር ያጎነብሳል። በወንበር ልክ ብቻ ነው።»

«ለገበያ ቀን ጠንካራውን፣ ለእሷ ቀን ስሱን ማድረግ አይቻልም?»

«ጋሼ፣ ጫማ እኮ አይደለም!»

ትዕዛዙ አቀርቅሮ ቆመ። በወንበር ልክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሾፌር አይነገረውም። ቤቱ የሚበላው የገበያ ቀን ትርፍ ሰው ነው፤ የሕክምናው ወጪ ራሱ የሚሸፈነው በእሱ ነው። የሚገዛው ደግሞ አንዱን ብቻ ነው።

«እትየ የሻረግ ራሳቸው ይሞክሩት እንጂ» አለ ዮናዳብ። ጋራዡ ውስጥ እንደሱ ያሉ ሁለት ሚኒባሶች ቆመው ነበር፤ አንዱ ጠንካራው፣ ሌላው ስሱ የገባላቸው። «ባለቤቶቹ ነገ ነው የሚወስዷቸው። ከዚህ እስከ ሜዳው ብቻ። ደግሞ እንዳያስበሉኝ!»

ፍራሹን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዛወሩ ሞከሩት። በመጀመሪያ በስሱ ሄዱ። የየሻረግ ድምፅ አልተሰማም። ትዕዛዙ በመስታወት ሲያያት ዓይኗን ከድናለች፤ ከወደቀች ጀምሮ ተቋጥሮ የነበረው ግንባሯ ተፈቷል። ቀጥሎ በጠንካራው ሄዱ። ገና የመጀመሪያዋ ጉድጓድ ላይ መኪናው ወደ ላይ ነጠረ። በመስታወት ሲያያት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች።

ተመለሱ። ዮናዳብ በሩን ከፍቶ «እህ እትየ?» አላት።

«ስሱ ያቅለሸልሻል» አለች። «ያወዛውዛል፤ ሆዴን ገለባበጠው። ጠንካራው ይሻለኛል። ደገፍ ያደርጋል።»

ዮናዳብ ትዕዛዙን አየው። ትዕዛዙ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ «እንግዲህ እሷ ካለች ጠንካራው ይግባ» አለ።

አመናት። እውነት ስለመሰለው አይደለም፤ ማመን ስለሚቀል ነው። ደክሞት ነበር አልኳችሁ እኮ።

የገበያ ቀን ሲደርስ መኪናው ጉድ ተባለለት። እስከ በሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ጉድጓዱን ሁሉ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ተሳፋሪው «ትዕዛዙ፣ ምን አስገባህለት? አልጋ ሆነ እኮ!» እያለ መረቀው። ትዕዛዙም በልቡ፣ የሻረግ እውነቷን ነው ማለት ነው ብሎ ትንሽ ቀለል አለው። ረቡዕ ጧት ግን ገበያም የለ፣ ተሳፋሪም የለ። ባዶ መኪና፣ አንዲት የከሳች ሴት፣ አንድ ፍራሽ። እንደ ፍየል እየዘለለ ነው እንጅባራ የገባው። አርብም እንዲሁ። ደግሞ ረቡዕ። እሷ አንድ ቀን አህ አላለችም። አህ ብትል ይሻለው ነበር።

በዚያው ሳምንት አርብ ጧት ሊያነሳት ሲገባ እጁን ያዘችው።

«ዛሬስ አልሄድም። ተሽሎኛል።»

«እስኪ እግርሽን አንቀሳቅሺው።»

እግሯን አየችው። እሱም አየው። ምንም የለም።

«ዋሽተሽኛል» አለ። «ያን ቀን ጋራዥ።»

«አዎ።»

«ምነው የሻረግ? ምነው?»

«አንተስ ለምን ዝም አልከኝ?» አለች፤ ድምጿ ከፍ አላለም። «በመስታወት ስታየኝ እኮ አየሁህ።»

ትዕዛዙ ደጅ ወጥቶ መኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አፈረ። ሰው ቢሰድበው፣ ትራፊክ ቢያንገላታው የማያፍር ሰው፣ ሚስቱ በተናገረችው አንድ ነገር አንገቱን ደፋ። ቀጠሮው በዚያ ቀን አለፈ።

ከዚያ ብቻውን ወደ ዮናዳብ በረረ። ስሱ ተሸጧል። ሌላ ይምጣ ቢባል እንኳ በምን ይገዛል? ዮናዳብ ጸጉሩን አከከና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ባሌስትራ ችግሩ ባዶውን ሲሆን ነው» አለ። «ጭነት ሲያርፍበት ይረጋል። ገበያ ቀን አላዩትም? እትየን በሚወስዱ ቀን ሰባት ስምንት ኩንታል አሸዋ ይጫኑበት።»

«ይኸን ያኔ አትነግረኝም?»

«ያኔማ እትየ ጠንካራው ይሻላል አሉ!»

ማክሰኞ ዕለት ትዕዛዙ ወንዝ ወርዶ አሸዋ በጆንያ እየሞላ፣ በጀርባው ወደ መኪናው ያመላልስ ጀመር። በሦስተኛው ጆንያ ወገቡ አልነሳ አለው። እዚያው ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለከልክ ጎረቤቱ አያ ደጉ መጡ። አያ ደጉ ሰባን የተሻገሩ፣ ሲናገሩ ሁልጊዜ የተቆጡ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ቤት ልትሠራ ነው?»

«ለየሻረግ ነው አያ ደጉ። መኪናው ካልከበደ ይነጥርባታል።»

ነገሩን ሁሉ ነገራቸው፤ ባሌስትራውን፣ ውሸቱን፣ የቀረውን ቀጠሮ። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ በምርኩዛቸው ጆንያውን ወጉት።

«አሸዋ!» አሉ። «ኧረ በሕግ! ሰው ጠፍቶ ነው አሸዋ የምትጭንላት?»

«አያ ደጉ፣ አጨዳ ነው እኮ። ሰው ሥራ ላይ ነው። ማንን ላስቸግር?»

«አባትህ የታመመ ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመን እንጅባራ ያደረስነው እኛ አይደለንም? በእግራችን፣ በክረምት፣ እየተቀባበልን! አሁን ተቀምጦ መሄድ ሆነና ነው ችግር የሚሆንብን? አሸዋ እጇን ይይዝላታል? ጉድጓድ መጣ፣ አይዞሽ ይላታል? እንደው ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?»

ትዕዛዙ ለሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲጭን ኖሮ፣ ሰው ጫኑልኝ ማለት አፉ ላይ አልመጣም። ከመለመን አሸዋ መሸከም ቀሎት ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ረቡዕ ጧት ጤዛው ሳይረግፍ አሥራ ሁለት ሰው ደጁ ላይ ቆሞ አገኘ። አንዳንዱ ማጭዱን የቤቱ አጥር ላይ ሰቅሎ ነው የመጣው። ጎረቤቷ እናትነሽ፣ የሰፈሩ ወፍራም ሴት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«እኔን ብቻ ብትጭን ይበቃህ ነበር» አለችው። «አያ ደጉ ግን እርስዎ ምን ብለው መጡ? እርስዎ እንኳን ለመኪና ለኩርሲም አይከብዱ! ኪስዎ ውስጥ ድንጋይ ይያዙ እንጂ።»

«አንቺ ካለሽ ምን ቸገረኝ» አሉ አያ ደጉ። «የእኔን ድርሻ በላሽው።»

የሻረግን ተሸክመው ሲያስገቧት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ኧረ ምን ጉድ ነው፣ ሰው ሥራውን ፈትቶ...» ስትል እናትነሽ «ዝም በይ አንቺ» አለቻት። አራት ሰው ከኋላ ወንበር፣ ስድስቱ በፍራሹ ግራና ቀኝ ወለሉ ላይ፣ ሁለቱ ከትዕዛዙ ጎን ተቀመጡ። መኪናው ዝቅ አለ። ትዕዛዙ ወርዶ የኋላውን ጎማ አየና ተመለሰ።

ወጡ። የመጀመሪያው ጉድጓድ መጣ። «መጣ፣ አይዞሽ» አሉ አያ ደጉ። መኪናው ወረደ፣ ወጣ፣ አለቀ። ትዕዛዙ መስታወቱን ለማየት ፈራ። ሁለተኛው ላይ አየ። የሻረግ የነከሰችው ነገር የለም። አንድ እጇን እናትነሽ፣ ሌላውን የማን እንደሆነ ያልታየው እጅ ይዞታል። ሰዎቹ በአገራቸው ቋንቋ በአዊኛ ስለ ድንች በሽታ ይጨቃጨቃሉ፤ እሷም መሃል ገብታ «ዘሩ ነው እንጂ መሬቱ አይደለም» ትላለች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሁሉም ወረዱ። ትዕዛዙ አመስግኖ አሰናበታቸው፤ እነሱም እሺ ብለው ተበተኑ። ያቺን እግር ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያጥፏትና ሲዘረጓት የሻረግ ላብ በላብ ሆነች። ትዕዛዙ አጠገቧ ቆሞ የሚያስበው ስለ መመለሻው ብቻ ነበር። ስለ መሄጃው ሲጨነቅ መመለሻውን ረስቶታል። ሰዎቹ ሥራ አላቸው፤ ይኼኔ በአገኙት መኪና አገራቸው ገብተዋል። አሁን እንዲህ የደቀቀች ሴት በባዶ መኪና ጭኖ ያን ኮረኮንች ሊገባ ነው።

አቅፏት ወደ በሩ ወጣ። በአጥሩ ጥላ ሥር አሥራ ሁለቱም ተደርድረው ተቀምጠዋል። አያ ደጉ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። አንዱ ቆሎ ያካፍላል።

«አልሄዳችሁም?» አለ ትዕዛዙ።

«መመለሻውን ማን ይክበድላት?» አለች እናትነሽ፤ ተነስታ ቀሚሷን እያራገፈች። «ደግሞ ለአርብ የላይ ሰፈር ሰዎች ናቸው ተራቸው። እኛ የፊታችን ረቡዕ ነን። በል ክፈተው።»

ትዕዛዙ በሩን ከፈተ። ዕንባው መጣ፤ ጠረገው፤ ደግሞ መጣ። «ምን ሆነሃል?» ሲሉት አቧራ ነው አለ። አቧራ ግን አልነበረም።

ከከተማው ወጥተው ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ከኋላ ወሬው ቀስ እያለ ጠፋ። ትዕዛዙ ምን መጣ ብሎ በመስታወት አየ። የሻረግ ተኝታለች። ከወደቀች ጀምሮ፣ በክኒን ካልሆነ፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም። አፏ ገርበብ ብሎ ታንኮራፋለች። አንዱ ሊያስነጥስ ሲል እናትነሽ አፍንጫውን ያዘችው። ትዕዛዙ ፍሬኑን እየነካካ፣ ጉድጓዱን እየለመነ ነዳ።

ደጁ ደርሰው ሞተሩን አጠፋ። አያ ደጉ ለመውረድ በሩን ሲይዙ እናትነሽ እጃቸውን ቀማቻቸው።

«ከወረዱ ጭነቱ ይቀልና መኪናው ብድግ ይላል» አለች በሹክሹክታ። «ትነቃለች።»

አያ ደጉ የሻረግን አዩ፤ እጃቸውን ከበሩ አነሱ። ቁጭ አሉ። ከአጥሩ ማዶ ያልታለበች ላማቸው ትጮሃለች፤ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ከኋላ ወንበር የነበሩት እግራቸውን አጥፈው፣ ወለሉ ላይ ያሉት ጉልበታቸውን አቅፈው ዝም አሉ። ትዕዛዙ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች፤ ማንም አልወረደም።