የፋሻው ክፍተት

«ፋሻውን ማን ነው የሞረደው?» አሉ የሟች እናት።

ሻይ ይቀዳ የነበረው ጎረቤት ቴርሞሱን እንዳዘነበለ ቀረ። ጥግ የተቀመጠው የቶርኖ ባለሙያ ምላሱን ቢነክስ ይሻለው ነበር፤ ግን አንዴ ከአፉ አምልጧል። ጠዋት ከሟች አባት ጋር ሆነው የተጋጨውን መኪና ሞተር ሲፈቱ፣ ሦስተኛው ፒስተን ተሰብሮ አገኙት። ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያቅፈው የብረት ፋሻ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ነክሶታል። ባለሙያው ይህንንና ፋሻው ሲሞረድ ክፍተቱ እንደጠበበ ለጎኑ ሰው ሲያንሾካሹክ ነው እናትየው የሰሙት።

«ጠየቅኩ እኮ!»

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ምራታቸው፣ ከፍራሹ ላይ ሆና።

ሁለተኛው የለቅሶ ቀን ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ ትከሻዋን እየዳበሰ ነበር የሚያልፈው። ከዚያ በኋላ የሚገባው ሰው እናትየውን አቅፎ አልቅሶ ሲያበቃ፣ እሷ ጋ ሲደርስ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ሳያያት ያልፍ ጀመር።

ማታ ላይ የባሏ ታላቅ ወንድም ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ለቅሶው ያብቃ እንጂ ጋራዡን እግሯ አይረግጠውም» ሲል ሰማችው። አባትየው አጠገቡ ነበሩ። አዎም አይደለምም አላሉም።

ጋራዡ ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመት ሕይወቷ ነው።

መጀመሪያ የሄደችው የወንድሟን ሞተር ሳይክል ልታመጣ ነበር። በኋላ ባሏ የሆነው መካኒክ ጋ ስትደውል «ይደርሳል» ይላታል፤ ስትመጣም «ይደርሳል»። ደንበኛው ሁሉ «አቶ ይደርሳል» እያለ ነበር የሚጠራው። በስድስተኛው ቀን በርሜል ላይ ተቀመጠችና «ሳይደርስ አልነሣም» አለች።

«ምሳሽን ይዘሻል?»

«እራቴንም ይዣለሁ።»

ሳቀ። ሲስቅ ሰው ይቅር ይለዋል፤ ይህንን እሱም ያውቅ ነበር። አባትየው ግን የሚስቁ ሰው አልነበሩም። የሰዓት ሠሪ ልጅ መሆኗን ሲሰሙ አንድ ፋሻና አንድ ሞረድ እጇ ላይ አኖሩና «እስቲ ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ቀንሺልኝ» አሏት። ቀነሰች። ለኩት። ደግመው ለኩት። «ነገም ነይ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ቀርቶ «ሚሊ» ሆነች። የሚሊሜትር መሆኑ ነው።

ሥራውን ያስተማሯት እኚሁ ሽማግሌ፣ አማቷ ናቸው። «ብረት ሲግል ይረዝማል» ይሏት ነበር። «ለሚረዝመው ቦታ ካላስቀረሽለት ጫፍና ጫፉ ይጋፋና ራሱን ይበላል። ቱርቦ ደግሞ አየር አጭቆ ነው የሚያስገባው። አየር ሲበዛ እሳት ይበዛል፣ እሳት ሲበዛ ክፍተቱ መስፋት አለበት። ስለዚህ ሞረድ ከመያዝሽ በፊት ግፊቱን የሚከፍተውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሽ ጠይቂ፣ ‹ስንት ነው የምትነፋው?› በይ። በደላላ አይሆንም።»

እሷም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትጠይቅ አንድ ፋሻ ሞርዳ አታውቅም።

ባሏ ለራሱ መኪና ሞተር ሲሠራም ጠይቃዋለች። የሚወዳደርበት የመኪና ውድድር ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«ስንት ነው የምትነፋው?»

«ዜሮ ነጥብ ስምንት።»

«ግፊቱ ከአንድ ባር ካለፈ ይህን ፒስተን አልነካልህም። ጠንካራው ይታዘዝና እስኪመጣ ትጠብቃለህ።»

«ዜሮ ነጥብ ስምንት አልኩሽ እኮ! እናቴ ትሙት!»

«እናትህን ተዋቸው።»

«ሚሊዬ፣ መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

ሁለቱም ሳቁ። ለእናቱ ሲጋራ ትቻለሁ ይላል፤ ለደንበኛ መለዋወጫው መንገድ ላይ ነው ይላል። ክፋት ኖሮበት አይደለም። የፊቱ ሰው ቅር እንዲለው አይፈልግም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ያ ሰው ሊሰማ የሚፈልገውን ይነግረዋል። እሷ ክፍተቱን በልክ ሠላሳ ስምንት መቶኛ ሚሊሜትር አድርጋ ሞረደችው። ለዜሮ ነጥብ ስምንት ልኩ ያ ነው። ዓርብ ጠዋት ከከተማው ውጭ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ሊሞክረው ወጣ። ሞተሩ በአራተኛ ማርሽ እየበረረ ሳለ ነከሰ፣ ጎማው ተቆለፈ፣ መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ተገለበጠ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከሰዓት፣ ሽማግሌው በጣታቸው ጠሯት። ተከትላቸው ወደ ጓሮው ልብስ ማጠቢያ ሄደች። እዚያም ሆነው አላያት አሉ፤ የማይንጠባጠበውን ቧንቧ ያጠብቁ ጀመር።

«መለኪያሽ ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ሃምሳ አምስት የተከፈተ ፋሻ እንዴት ይጋጠማል?»

«ማነው ሃምሳ አምስት ያለው? ሠላሳ ስምንት ነው።»

እጃቸው ቧንቧው ላይ ቆመ።

«‹ሚሊ ሃምሳ አምስት አድርጋዋለች፤ አንተ ብቻ ግፊቱን ክፈትልኝ› ነው ያለኝ።»

«ለእኔ ዜሮ ነጥብ ስምንት ነው ያለኝ።» ከዚያ ገባት። «እርስዎ ነዎት የከፈቱት?»

ሽማግሌው ቧንቧውን ጨምረው አጠበቁት።

«ስንት?»

«አንድ ነጥብ ስድስት። ሐሙስ፣ አንቺ ከወጣሽ በኋላ።»

ከቤት ውስጥ አዲስ የመጣ ለቀስተኛ ጩኸት ተሰማ። ሁለቱም እስኪበርድ ጠበቁ።

«ለምን አልጠየቁኝም፣ አባባ? አንድ ቃል! ‹ስንት ሞረድሽው› ለማለት!»

«አኩርፌሽ ነበራ።»

እውነት ነው። ወር ሆኗቸው ነበር። እሳቸው የገጠሙትን የሞተር ባልቦላ ደንበኛ ፊት ደግማ ለካችው፤ ትንሽ ስቶ አገኘችውና «እጅዎ መንቀጥቀጥ ጀምሯል» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርሰው ልጃቸው ነበር። እሳቸው «ያቺ ጥጋበኛ» ሲሉ እሷ ጋ «አባባ አመስግኖሻል» ሆኖ ይደርሳል። እሷ «ሽማግሌው ጃጅተዋል» ስትል እሳቸው ጋ «ሚሊ ናፍቃሃለች» ይሆናል። ሁለቱም የሚደርሳቸው ቃል እንዳልተባለ ያውቁ ነበር። ደስ ስለሚል ግን አልጠየቁም።

«እኔስ ብሆን» አለች ቀስ ብላ፣ «የሚከፍተውን ሰው ጠይቂ ነው ያሉኝ። ግፊቱን የሚከፍቱት እርስዎ ብቻ መሆንዎን እያወቅኩ እሱን ጠየቅኩ።»

ሽማግሌው ቧንቧውን ለቀው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት። ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ለእናቱ እንዳትነግሪያት።»

«ምኑን?»

«የእኔን። አርባ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። ልጇን ቀብራ መጥታ ደግሞ እኔን የት ታድርገኝ?»

«እኔንስ የት አደረጉኝ?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ሥራ አታጪም። ሌላ ቤት…» ሊጨርሱት አልቻሉም።

«ወንድሙ ጋራዥ አትገባም ብሏል። እርስዎም ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

 ያልረጠበ እጃቸውን በኮታቸው ጠራርገው ቀድመዋት ገቡ።

ስትገባ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ቦታዋ ስለተያዘ ጎረቤቱ በዓይኑ የጠቆማት ቦታ ላይ፣ ከሽማግሌው አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ከሩቅ የመጡ የእናትየው የእህት ልጅ እንባቸውን እየጠራረጉ ነበር።

«ምን ነካው? ምን አግኝቶት ነው እንዲህ ባንድ ጊዜ?»

«ምኑን ልንገርሽ!» አሉ እናትየው። «ሰው ቤት ውስጥ ጠላቱን አያስቀምጥም መቼም። ሚስት ብሎ ያመናት ናት። የማትችለውን እችላለሁ ብላ፣ ያንን ብረት ሞርዳ ሞርዳ…»

ሴትየዋ ዞረው አዩዋት። ወንድምየውም አያት። የቶርኖ ባለሙያው አንገቱን ደፋ።

እሷ አፏን ከፈተች። ቁጥሮቹ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ፤ ሁለት ቁጥሮች ብቻ፣ ከዚያ ሁሉም ያበቃል። ግን እሷ ብትናገራቸው የገዳይ ማመካኛ ነው የሚሆኑት። ከሽማግሌው አፍ ሲወጡ ብቻ ነው እውነት የሚሆኑት። ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እንዴ! አንተስ ምነው ዝም አልክ?» አሏቸው እናትየው። «ሞተሩን የፈታኸው አንተ አይደለህ? ንገራት እንጂ!»

 ሽማግሌው ከጥፍራቸው ሥር የቀረውን ጥቁር ዘይት ሲመለከቱ ቆዩ። ከንፈራቸው አንዴ ተንቀሳቀሰ።

«የእግዜር ሥራ ነው» አሉ።

እናትየው ዋይታቸውን ቀጠሉ፤ ቤቱም አብሮ አለቀሰ። በለቅሶው መሃል ሽማግሌው ጎንበስ አሉና የሚደገፉትን ትራስ ከጀርባቸው መዝዘው፣ ማንም ሳያይ፣ ቀስ አድርገው በእሷ ጀርባና በግድግዳው መካከል አስገቡላት።

 እሷ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ትራሱን አወጣችና በሁለቱ መካከል ወለሉ ላይ አኖረችው። ባዶውን ግድግዳ ተደገፈች።