የማን ከረባት ነው

“ይሄን ከረባት ማን ነው ያሰረለት?” አለች እማዋይሽ።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ፔርሙስ ይዛ ቡና የምታዞረውን ጎረቤታቸውን በለጠችን አዩ፤ በለጠች ደግሞ መሬት መሬቱን አየች። የሟች ታላቅ ወንድም ገብረሰንበት በሩ ላይ እንደቆመ ነው። በሁለት እጁ ትልቅ ፍሬም ይዟል። መስተዋቱ ውስጥ የእማዋይሽ ባል፣ ሟቹ እንዳለው፣ አለ፤ አለ ከተባለ። ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ቀይ ከረባት አስሯል፣ ከኋላው ፏፏቴ ይወርዳል።

“ስቱዲዮ ነው የሠራው” አለ ገብረሰንበት። “ፊቱን ከመታወቂያው ላይ ወስደው ነው። ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄጄ ነው ያሠራሁት።”

“ፊቱንስ ወሰዱ እንበል። አንገቱን የት ጣሉት?”

አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች።

“እማዋይሽ፣ ሰው ይሰማሻል።”

“ይስማኛ፣ አያ ገብረሰንበት። እርስዎ ወንድምዎን ሱፍ ለብሶ አይተውት ያውቃሉ?”

አያውቅም። ማንም አያውቅም። እንዳለው ቡሬ ገበያ ዳር ወፍጮ ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ማታ ሲገባ ቅንድቡም፣ ሽፋሽፍቱም፣ የጆሮው ጠርዝም ዱቄት ነው። ልጆቹ በር ላይ ጠብቀው “ሽማግሌው መጣ” እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱም ጎንበስ ብሎ እያነከሰ ይገባላቸው ነበር። እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ሆዴን ብሎ በእግሩ ሐኪም ቤት ሄዶ በመኪና ተጭኖ የመጣው። ስቱዲዮው ደግሞ ዱቄቱን አራግፎ በሌላ ነጭ ቀብቶታል። ጉንጩ እንደ ሙሽራ ያበራል። ግንባሩ ላይ የነበረችው ጠባሳ የለችም። ያችን ጠባሳ እማዋይሽ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ታገኛት ነበር።

“ያምራል እኮ” አለች በለጠች፣ ነገሩን ላብርድ ብላ። “ሹም መስሏል።”

“ሹም ከሆነ ሹሞች ይምጡና ያልቅሱለት።”

ይሄኔ ትንሿ ልጅ፣ ሰብሊ፣ ከእናቷ ጭን ወርዳ ፍሬሙ ድረስ ሄደች። ገና አፏን እየፈታች ያለች ልጅ ናት። ቀና ብላ አየችው።

“ይሄ ሰውዬ ማነው?”

ታላቅ እህቷ እሌኒ “አባባ ነው” አለቻት።

“አይደለም” አለች ሰብሊ። ተመልሳ እናቷ ጉያ ውስጥ ተሸጎጠች።

እስካሁን የእማዋይሽ ቁጣ አፏ ላይ ነበር፤ አሁን ሆዷ ገባ። ከሰዓት በኋላ የእንዳለው አገር ሰዎች ከገበዝ ማርያም ለለቅሶ ይመጣሉ። ግቢው ውስጥ ሰው ለለቅሶ ይቆማል፣ ፎቶው ከሰው ራስ በላይ ከፍ ይላል፣ ሙሾ ይወርድበታል። ከዚያ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አንዴ ከተሰቀለ አለቀ። ሰብሊ ያን ዱቄታም ፊት ከርሞ ሳትረሳው አትቀርም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ግን በየቀኑ ያያታል። አባቴ ምን ይመስል ነበር ስትል ከረባት ያሳዩአታል።

“ሌላ ፎቶ ካለ አምጭ ብዬሽ ነበር” አለ ገብረሰንበት። እሱም መቆጣት ጀምሯል። “የለም ያልሽኝ አንች ነሽ።”

ብላለች። የእንዳለው ስልክ እኮ በፎቶ የታጨቀ ነው፤ ደረቷ ውስጥ እንደወሸቀችው አለ። ግን እሱ የለበትም። አንሺው እሱ ነዋ። ልጆቹ ቁጢጥ ብለው፣ ልጆቹ ተኝተው፣ እሷ ሽንኩርት ስትልጥ፣ እሷ “ተው አልኩህ” ስትል። ለሰው የሚታይ የሱ መልክ አልነበረም። አንድ አለ፤ እሱን ደግሞ ለማን ታሳየዋለች?

የፋሲካ ለታ ነው የተነሳው። ፆም የተፈታበት ምግብ ገና ሳይነሳ እንዳለው ሁሉንም ግቢ አስወጣቸው። ሙቀጫውን ወንበር ላይ ደፍቶ፣ ስልኩን በድንጋይ አስደግፎ፣ “ተነክቶ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚያነሳ፣ እኔ እሮጥና መሀላችሁ እገባለሁ” አለ። መሀላቸው ላይ ክፍት ቦታ እንዲተዉለት አደረገ። ነክቶ ሮጠ። ወንዱ ልጅ ይታገሱ፣ አዲሱ ጫማ ጠበበኝ ብሎ አለቀሰ። እንደገና ነክቶ ሮጠ። ዶሮዋ ገባች። እንደገና። ሰብሊ ሸርተት ብላ ወደ ስልኩ ሄደች።

“አንዴ። አንዴ ብቻ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡልኝ ምን አለበት?” ብሎ ጮኸ። እንዳለው የማይጮህ ሰው ነው። ልጆቹ ደነገጡ።

“ለስልክ ብለህ በዓመት በዓል ታስለቅሳቸዋለህ?” አለችው እማዋይሽ። “እኛን ተወን፣ ከፈለግህ ሙቀጫውን አንሳው።” ትታው ገባች።

በመጨረሻ የተነሳችውን ፎቶ አይቶ ተናደደ፣ አጥፊያት አላት። እሷ መች እሺ ትላለች። ሲቆጣ ምን እንደሚመስል ላሳየው ብላ አስቀመጠቻት።

ማታ እራት ላይ ነው የነገራት። አባቱ የሞተ ጊዜ እሱ ገና በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነበር። ፎቶ የሚባል የለም። ወንድሙን ሲጠይቀው “ሰው ይመስል ነበር” ነው የሚለው፣ በቃ። “ገበያ ላይ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ይሄን ይመስል ይሆን እላለሁ” አላት። እሷ ወጡን ጨለፈችለት።

አሁን ቀና ብላ ገብረሰንበትን አየችው።

“አያ ገብረሰንበት፣ አባታችሁ ምን ይመስል ነበር?”

“ይሄ አሁን ምን አመጣው?”

“ወንድምዎ እድሜውን ሙሉ የጠየቀዎት እሱን ነው። ምነው አንድ ቀን እንኳ አፍንጫው እንዲህ ነበር ቢሉት? ምን ይጎድልብዎት ነበር?”

ገብረሰንበት ፍሬሙን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ።

“ጠፍቶኝ ነው” አለ። “እኔም ልጅ ነበርሁ። ድምፁ ብቻ ነው የቀረኝ፤ በሬ ሲጠራ። ትልቅየው አንተ አይደለህ ወይ ሲለኝ፣ ጠፋኝ ብዬ እንዴት ልንገረው?” ፍሬሙን አየው። “ለዚህ ነው ትልቅ አርጉልኝ ያልኳቸው። እንዳይጠፋ።”

እማዋይሽ አላዘነችለትም። ማዘን ታውቅ ነበር፣ ዛሬ ግን አልፈለገችም።

“ጠፍቷል እኮ” አለችው። “ይዘውት ነው የቆሙት፣ ግን ጠፍቷል።”

ደጅ የመኪና በር ሲከፈት ተሰማ፣ ከዚያ የገበዝ ማርያም ሴቶች ዋይታ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ። ገብረሰንበት እንደ ለቅሶው ልማድ ፍሬሙን ወደ ላይ ሊያነሣ ሲል እማዋይሽ መንገዱ ላይ ቆመች። ከደረቷ ስልኩን አወጣች።

“ክፈችው” አለቻት ለእሌኒ። “የፋሲካዋን።”

“ያችን?” አለች እሌኒ። “አባባ የተቆጣባትን?”

“ያችን።”

ሰብሊን በአንድ እጇ ታቅፋ፣ ስልኩን በሌላው ይዛ ወጣች። ከኋላዋ በለጠች “እንዴ፣ በስልክ ይለቀሳል?” ስትል ሰማች። ገብረሰንበት ትንሽ አመነታ። ከዚያ ፍሬሙን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስደገፈውና ተከተላት።

ግቢው ውስጥ፣ ሰዎቹ መሀል፣ እማዋይሽ ስልኩን ከፍ አደረገችው። በመዳፍ ልክ የምታህል ፎቶ ናት። ግማሿን ወደ ስልኩ የተዘረጋው የሰብሊ ጣት ከልሎታል። ከጣቷ ኋላ ይታገሱ ጫማውን ይዞ ያለቅሳል፣ እማዋይሽ ፊቷን አዙራለች። እንዳለው ልጅቷን ሊመልስ ዞሮ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው፤ አፉ ተከፍቷል፣ ግንባሩ ተኮማትሮ ጠባሳዋ ወጥታለች። የበዓሉ ዋዜማ ዱቄት ታጥቦም ቅንድቡ ላይ ቀርቷል።

“አባባ” አለች ሰብሊ።

ሴቶቹ ቀረብ ቀረብ አሉ። አንዷ አሮጊት ዓይኗን አጥብባ አየችና ሙሾውን ጀመረች።

የእማዋይሽ ክንድ ዛለ፤ አላወረደችውም። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ሊጠፋ ደብዘዝ አለ። ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል። ሰብሊ ጣቷን ዘርግታ ነካችው፤ በራ። ደግሞ ደብዘዝ አለ።

“ንኪው” አለቻት እናቷ። “ንኪው፣ እጅሽን አታንሽ።”