ሳይስቡት የማይከፈት በር

ድምፁን ከሃሎው ነው ያወቅኩት፣ ሁለተኛ ቃል አላስፈለገኝም፣ የቃል መጨረሻ ይጎትታል፣ ዕድር ስብሰባ ላይ ስም ሲጠራም እንዲሁ ነበር፣ አባቴ ከኋላ ወንበር ባርኔጣውን ይዞ ብድግ ይላል፣ አቤት ብሎ፣ ደዋዩ አጥናፉ ነው፣ የዕድሩ ዳኛ አጥናፉ፣ በገዛ እጁ እኔ ጋ ደውሎ ቁልፍ ሠሪ ነው ይለኛል፣ አዎ ምን ልታዘዝ፣ አይ ሠራተኛውን አገናኚኝ ልጄ፣ ሠራተኛዋ እኔ ነኝ። ሴት ስለሆንኩ ነው የገረመው እንጂ አላወቀኝም፣ ከየት ያውቀኛል፣ ቁጥሬን ከመብራት እንጨት ላይ ነው ያነሳው፣ ካዛንቺስን ሙሉ ለጥፌበታለሁ፣ ቁልፍ እንቀርጻለን፣ የተቆለፈ እንከፍታለን፣ ስልክ ብቻ፣ ስም የለም። ጦቢያ ኃይለገብርኤል ብዬ ብጽፍበት በዚህ ሰፈር ማን ደፍሮ ቁልፉን ይሰጠኛል፣ ስሜን ያስደበቀኝ ሰውዬ ራሱ ደወለ፣ በቃ ደወለ።

የዕድር ዕቃ ቤት ነው ልጄ፣ የብረት በር ነው፣ ቁልፉ እውስጡ ተሰብሮ ቀረብን፣ ለቅሶ ላይ ነን፣ ድንኳኑም ወንበሩም ድስቱም እውስጥ ነው፣ በያጅ ብንጠራ መብራት ጠፍቶ ግራይንደሩ አልሠራ አለ፣ ሌላ ቁልፍ ሠሪ ጋ ብንደውል ስልኩ ዝግ ነው፣ ድረሺልን በናትሽ። በናትሽ ይለኛል፣ እናቴን እንኳ ተዋት። እንዴት ተሰበረ ጋሼ፣ ጠበቅ ሲልብኝ በሩን ገፋ አድርጌ አዞርኩት ቀጭ አለ፣ ገፋ አድርጌ ይላል፣ እኔ እዚህ ኪዮስኬ ውስጥ ከመቅረጫው ማሽን አጠገብ ተቀምጬ ሳቄ ይመጣል፣ ያ በር አይገፋም፣ ያን በር የበየደው አባቴ ነው፣ ላሜራው ከባድ ስለሆነ ማጠፊያው ላይ ትንሽ ይወርዳል፣ እና መጀመሪያ እጀታውን ይዘህ ወደ ራስህ ትስበዋለህ፣ ከዚያ ነው ቁልፉ የሚዞረው፣ አባቴ ያውቅ ነበር፣ እኔ አውቃለሁ፣ ቁልፉን ከአባቴ የቀሙት ቀን ግን እንዴት ነው የሚከፈተው ብሎ የጠየቀው የለም። ይኸው ስንት ዘመን እየገፉ እየታገሉ ከፈቱት፣ ዛሬ ቁልፉ ሰለቸው።

እሺ ጋሼ፣ ሌላ ሥራ ይዣለሁ፣ ስጨርስ እደውላለሁ፣ እስከዚያ ሁለት እማኝ ያቁሙልኝ። እማኝ ምን ያደርጋል። ያለ እማኝ በር አልነካም። ዘጋሁት። የያዝኩት ሥራ የለም፣ ፊቴ ያለው የሚሪንዳ ጠርሙስ ብቻ ነው፣ ይቁም፣ ፀሐይ ላይ ይቁም፣ ሚያዝያ ነው፣ የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ ዳኛ አይል ተከሳሽ አይል።

የሰው ቤት በጩኸት ነው የሚከፈት ይል ነበር አባቴ፣ በዝምታ የሚከፍት ሌባ ነው፣ ሁለት ጎረቤት ያቆማል፣ መዶሻውን አውጥቶ ብረቱን ሦስቴ ይደበድባል፣ ሰፈሩ እንዲሰማ፣ ሕፃን እንኳ እንዲወጣ፣ ከዚያ ባለቤቱን ይጠይቃል፣ ከዚህ ቤት የጠፋ ዕቃ አለ? ሰውየው የለም ይላል፣ አባቴ አይበቃውም፣ ጮክ ይበሉ፣ እማኞቹ ይስሙ። ከዚያ በኋላ ነው ሽቦው የሚወጣው። ሰው ይስቅበት ነበር፣ ኃይለገብርኤል በር ሊከፍት ነው ወይስ ቅዳሴ ሊገባ፣ እኔም አፍርበት ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ አሁን አላፍርም፣ አሁን እኔም ሦስቴ እመታለሁ።

እና እንዲህ ያለውን ሰው ነው ሌባ ያሉት። ሦስት ትልልቅ ድስት ከዕቃ ቤቱ ጠፋ፣ በሩ አልተሰበረም፣ ጭረት የለበትም፣ ቁልፉ ደግሞ አባቴ ጋ ነው፣ አጥናፉ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ክቡራንና ክቡራት የዕድራችን አባላት፣ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት የዕድሩን ንብረት ያጎደለ አባል ከአባልነት ይሰረዛል፣ ደግሞም ቁልፍ ባይኖረው እንኳ በሙያው ሊከፍት የሚችል ሰው በመካከላችን አንድ ብቻ ነው፣ ሙያው መሰከረበት እኮ፣ ሙያው፣ እጁን አውጥቶ ደገፈ ያ ሁሉ ሰው፣ በነፃ በር የከፈተላቸው ሁሉ። አባቴ ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ አልተከራከረም፣ ምነው በተከራከረ፣ ምነው ያን ጠረጴዛ በገለበጠው። ከዚያ ወዲያ ኪዮስኩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቁልፍ የሚያስቀርጽ ይጠብቃል፣ የሚመጣ የለም፣ በዓይኔ እያየሁት አለቀ፣ እንደ ሳሙና።

ስልክ። አይደለም፣ ሌላ ነው። ሄሎ ሲስተር፣ ኤርሚ እባላለሁ፣ መስቀል ፍላወር ነኝ፣ የቪትዝ መኪናዬን ቁልፍ ውስጥ ትቼ ዘጋሁበት፣ ፍሬንድ ነግሮኝ በማስመሪያ ሞክሬ ነበር፣ ማስመሪያውም እዛው ገባ። ወንድሜ ማስመሪያውን ተወው አትነካካው፣ ከሰዓት እመጣለሁ። አይ ሲስ ሙድ አትያዢብኝ ዴት አለብኝ። ዴትህ በታክሲ ትምጣ። ይስቃል፣ ደስ የሚል ልጅ ነው፣ ሌላ ቀን ቢሆን ወዲያው በሄድኩ፣ ዛሬ ግን ከዚህ ወንበር ብነሳ ደስታዬ የሚፈስ ይመስለኛል፣ ቁጭ ብዬ ላጣጥመው።

ድስቶቹ ተመለሱ እኮ። ነገሩ እሱ ነው። አጥናፉ ራሱ ነው ለአክስቱ ልጅ ሰርግ ያዋሳቸው፣ ለሌላ ጉዳይ ነው ብሎ ከአባቴ ቁልፉን ተቀብሎ፣ ረስቶት ይሁን አፍሮ እሱ ያውቃል፣ ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ድስቶቹ ቦታቸው ላይ ተገኙ፣ ወጥ ቤት የምትቆመው እትዬ ሸዋአየሁ አንዱን በጆሮው አወቀችው፣ አባቴ የጠገነው ጆሮ፣ በሁለት ቡሎን የያዘው። ስብሰባ ላይ ተነስታ ተናገረች፣ ያለፈ ነገር አይነሳ ተባለች፣ ሰላማችንን አትበጥብጪ፣ አጀንዳው ሌላ ነው። አባቴን መልሰው አልጠሩትም፣ ይቅርታ ማለት ከሌባ ስም በላይ ከበዳቸው። በሐምሌ ሞተ። ጡሩምባ አልተነፋለትም፣ ድንኳን አልተተከለለትም፣ ዝናብ እላያችን ላይ፣ እናቴ ጉልበቷን ታቅፋ በር ላይ፣ ለገሃር ሸራ የሚሸጠው ጎረቤታችን ጋሽ ሱሌማን ነው ከሱቁ ሰማያዊ ሸራ አምጥቶ ከጣሪያው እስከ አጥሩ የወጠረልን፣ ከዕድሩ የመጣች አንዲት ሰው፣ እትዬ ሸዋአየሁ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፣ ዕድሩ እንዳይቀጣሽ አላት አንዱ በመንገድ ሲያልፍ፣ እኔ ለቅሶ የምደርሰው ለሰው ነው፣ ለደንብ አይደለም አለችው።

እናቴ ታዲያ ተይው ትለኛለች፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት። እኔ መች ጸለይኩ እማዬ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ይህም ተረት ነው፣ ይህንንም ያወጣው የሀገር ሰው ነው።

ደወለ። ይኸው። የት ደረስሽ ልጄ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ነው፣ ሽማግሌ አለ፣ እንግዳ ከክፍለ ሀገር መጥቷል። ላብ ያለበት ድምፅ። እማኝ አቆሙ ጋሼ፣ አዎ አቁሜያለሁ፣ ስንት፣ ሁለት፣ አራት ይሁኑ፣ ኧረ ልጄ፣ የብረት በር ስለሆነ ነው ጋሼ፣ እያሾፍኩበት ነው፣ ምላሴ ላይ ይጣፍጠኛል፣ ስድስት ልበለው ወይስ ሙሉ ዕድሩን፣ ድንኳን የሌለው ለቅሶ ምን እንደሚመስል አሁን ይየው፣ ይመረው፣ እስኪ ልጠይቀው፣ እንዲያው ልወቀው፣ ለመሆኑ የሞተው ማነው ጋሼ።

ሸዋአየሁ ይባላሉ፣ ወጥ ቤታችን ነበሩ፣ ሌሊት አረፉ።

ምን።

ሃሎ፣ ልጄ፣ ሃሎ፣ ትሰሚያለሽ። እሰማለሁ። እሰማለሁ እንጂ። እጄ ማሽኑ ላይ ነው፣ ቀዝቅዟል፣ መብራት እኮ የለም። እትዬ ሸዋዬ። ባለፈው በታክሲ መስኮት አይታኝ ጦቢዬ ብላ ጮኸች፣ ታክሲው ሄደ፣ እመጣለሁ አልኩ በእጄ፣ አልሄድኩም፣ ከሰፈሩ ከለቀቅን ወዲህ ወደዚያ መንደር እግሬ እምቢ ይለኛል። እሷን ነው ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኩት፣ ልጇን ሀኒን፣ የሷን እንግዳ፣ የሷን ሽማግሌ፣ እሱን መስሎኝ እሷን። ዘጋሁት፣ ደህና ይሁኑም አላልኩ።

ቦርሳዬ፣ ሽቦው፣ ፒንሳው፣ መዶሻው። ሄጄ ልክፈተው። ወደ ራሴ ስቤ ስባሪውን በፒንሳ መዝዤ፣ ቀላል ነው፣ ድንኳኑ ይወጣል፣ አጥናፉ ተባረኪ ልጄ ይለኛል፣ ለሌላው እጁን ያወዛውዛል፣ ተከፈተ፣ ነገሩ አለቀ፣ እሱ ድንኳን ያስከፈተ ዳኛ ይሆናል፣ አባቴ ያው ሌባ። አይሆንም። አልከፍትለትም። ግን እሷስ። እሷ ያለ ጥላ አትለቀስም፣ እሷ ጭቃ ላይ የተቀመጠች ሴት። አልከፍትም፣ እሷንም አልበድልም፣ እንዴት፣ እንዴት ነው የማደርገው፣ መዶሻውን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ አወጣዋለሁ መልሼ እከተዋለሁ።

ሸራው።

ጋሽ ሱሌማን፣ ጦቢያ ነኝ፣ ያቺ ሰማያዊ ሸራ አለች ወይ። የትኛዋ፣ የአባትሽ፣ አለች እንጂ፣ መቼ ሸጥኳት። ለእትዬ ሸዋአየሁ ነው። ኢና ሊላሂ አለ፣ እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ፣ ገመድም ይዣለሁ፣ ነይ ብቻ።

ይኸው መንደሩ። ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ ቆርቆሮ ታጥሯል፣ ዕቃ ቤቱ ግን አለ፣ በሩ አለ፣ አረንጓዴ ቀለሙ ወደ ነጭ ሄዷል፣ አባቴ የበየደው ጠርዝ ከሩቅ ያስታውቃል። ሰው ድንጋይ ላይ፣ ሰው ግንብ ሥር፣ ነጠላ አናታቸው ላይ። ማንም ማንነቴን ሳይጠይቀኝ ጋሽ ሱሌማንና እኔ አጥር ላይ ወጥተን እንወጥራለን፣ አንዱን ጫፍ ከመብራት እንጨቱ፣ ሌላውን ከዕቃ ቤቱ ጣሪያ፣ ልክ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ይገባል፣ ጥላ ነው፣ ጥላ ማን ይጠላል፣ ያ ሁሉ እጁን ያወጣ ሰው አባቴ የተለቀሰበት ሸራ ሥር ቁጭ ይላል። ሀኒ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች፣ ጦቢዬ፣ እማዬን እኮ፣ አዎ ሀኒዬ፣ አዎ፣ አብረን እናነባለን፣ ይህ እንባ የቂም አይደለም፣ እሱን ለይቼ አውቀዋለሁ። አንዲት አሮጊት ቀና ብላ ሸራውን ታያለች፣ ይቺ የኃይለገብርኤል አይደለችም እንዴ ትላለች፣ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ቀስ እያለ፣ ጫጫታው ይወርዳል፣ ጉልበታቸውን ያያሉ።

አጥናፉ ውጪ ነው። ፀሐዩ ላይ፣ ኮቱን ለብሶ፣ አርጅቷል ለካ፣ ሲያረጅ አላየሁትም ነበር፣ ሳየው እርጅናው አንጀቴን የሚበላኝ መሰለኝ፣ አልበላኝም። ከፊት ወንበር የለውም፣ ወንበሩ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነው። ሸራው ሥር አልገባም፣ ዙሪያውን ይዞራል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ያቺን ቁልፍ ሠሪ ሊጠራ ነው፣ ጆሮው ላይ ያደርጋል።

ኪሴ ውስጥ ይጮሃል።

ሰው ሁሉ ዞረ። እሱም ዞረ። ስልኩን ከጆሮው አላነሳም፣ ያየኛል፣ ቦርሳዬን ያየዋል፣ ከቦርሳው የወጣውን የመዶሻ እጀታ፣ የአባቴ ነው፣ ያውቀዋል። ይጮሃል ስልኬ፣ ይጩህ፣ የሰው ቤት በጩኸት ነው የሚከፈተው። ተነስቼ በሩ ጋ እሄዳለሁ፣ መዶሻውን አወጣለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ብረቱ እንደ ድሮው ያስተጋባል፣ ከጓዳ ወጥ ቤት ያሉት እንኳ ወጡ፣ እጆቻቸውን እየጠረጉ። ስልኩን አነሳሁት።

ሃሎ፣ ቁልፍ ሠሪ ነኝ።

ከሸራው ማዶ የአጥናፉ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ነው፣ ጦቢያ፣ አንቺ ነሽ፣ ልጄ፣ ስለ ሸዋአየሁ ብለሽ። ስለ እሷማ ሸራውን አምጥቻለሁ ጋሽ አጥናፉ፣ ይህ በር ሌላ ነው፣ በር ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ ደንቤ ነው፣ ከዚህ ቤት የጠፋ ዕቃ አለ?

ላቡን በእጅጌው ይጠርጋል። ሸራው ይንኮሻኮሻል። እጀታውን ይዤዋለሁ፣ ትኩስ ነው፣ ወደ ራሴ ስቤ ይዤዋለሁ፣ የቀረው ስባሪውን መምዘዝ ብቻ ነው፣ አልመዝም፣ እስኪመሽም ቢሆን እቆማለሁ።

የለም፣ ይላል። በሹክሹክታ ነው፣ ለኔ ብቻ፣ በስልክ።

ጮክ ይበሉ ጋሽ አጥናፉ፣ እማኞቹ አልሰሙም።