መርዶው ሳቫና እንዳይደርስ

ሶሲ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆለፈች፣ ሻወሩን እስከ መጨረሻው ከፈተች፣ ከዚያ ስልኩን አነሳች።

«ምንድን ነው የሚንሿሿው?» አለ ናሆም። የወንድሟ ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል።

«ሻወር ልገባ ስል ነው የደወልከው።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«ንጹሕ ሰው ነኝ። አንተ አይገባህም።»

ከበሩ ማዶ አንዲት አዲስ ለቅሶ ደራሽ ሴት «የሺዬ! የኔ እናት!» እያለች ጮኸች። ሶሲ ደነገጠችና የሽንት ቤቱን ውኃ ለቀቀችው። ሁለቱ ውኃዎች ተጋግዘው ጩኸቱን ዋጡት። 

ናሆም ስልኩን አዞረው። ትልቅ ዛፍ ታየ፤ ከየቅርንጫፉ ግራጫ ጢም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። «ጢማሙ ዛፍ ይኸውልሽ። አስጎብኚው እንዳትነኩ፣ ተባይ አለበት ብሎናል። ንገሪያት።»

«እማዬ ተኝታለች» አለች ሶሲ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«እሺ» አለ ናሆም። «ትተኛ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሶሲ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እናታቸው የሺሀረግ ከሞተች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሰኞ ከሰዓት ከምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ወደቀች፤ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ሆስፒታል አረፈች። ናሆም ደግሞ በሃያ አራት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽርሽር ብሎ እሑድ በአውሮፕላን ሳቫና ወደምትባል የጎብኚዎች ከተማ ሄዷል። የሚመለሰው ዓርብ ነው።

«በስልክ መርዶ አይነገርም» ብለው የወሰኑት የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ አክሊሉ ናቸው። እሳቸው ከባድ መኪና ሲነዱ በነበረበት ዘመን ለአንድ ጓደኛቸው ደውለው «አባትህ አረፉ» አሉት። ጓደኛው በዚያች ሰዓት አይዋ ግዛት ውስጥ መሪ ጨብጦ ነበር። ሰውየው ተረፈ፤ እግሩ ግን አልተረፈም። «ናሆም ብቻውን ነው፣ የኪራይ መኪና ነው የያዘው» አሉ ጋሼ አክሊሉ። ከዚያ ወደ ሶሲ ዞሩ። «ዓርብ ቤቱ ገብቶ፣ ሰው ደግፎት ይሰማል። እስከዚያ አንቺ አዋሪው። ካላነሳሽለት ይጠረጥራል።»

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ለውሸቷ ስልኳን የተቀማች ልጅ፣ አሁን በሚኖሩባት ኢገን ከተማ ያለ ሐበሻ ሁሉ እንድትዋሽ ይመርቃታል። እሷ ግን ስልኩ በነዘረ ቁጥር አንድ ነገር ይታያታል፤ አንዲት ቃል ከአፏ ታመልጣለች፣ ናሆምም ከነመኪናው ከድልድይ ይወድቃል።

የሺሀረግ ሱዳንን በእግሯ አቋርጣ የመጣች፣ ሊፍት የምትፈራ ሴት ነበረች። ሃይዌይም ትፈራለች። አሥር ደቂቃ የማይፈጀውን የሥራ መንገድ በውስጥ ለውስጥ ግማሽ ሰዓት ትነዳዋለች። አውሮፕላንማ አይነሳባት። ሌሎቹ የጽዳት ሠራተኞች እንግዳ ትቶት የሄደውን ሎሽንና ሻምፑ ሲሰበስቡ፣ እሷ የምትሰበስበው ለጎብኚ የሚታተም ባለ ሥዕል መጽሔት ነበር። ከሁሉም የወደደችው የሳቫናን ነው። የት ይታያል፣ የት ይበላል፣ ማታ የት ይኬዳል፣ ሁሉም አለበት። ማታ ማታ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ሶሲን ታስነብባታለች።

«ሃያ ሁለት አደባባይ? ለአንድ ከተማ?»

«የስ፣ እማዬ።»

«ጋሪም አላቸው! እኛ ከጋሪ ወደ መኪና ስንሮጥ እነሱ ከመኪና ወደ ጋሪ ይመለሳሉ!» ብላ ውኃው እስኪፈስ ትስቃለች። ከዚያ የዛፉን ሥዕል በአውራ ጣቷ ታሻሻለች። «ይኼ ጢም ለስላሳ ነው ሻካራ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ሂጂና ንኪው።»

ናሆም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈቃዱን ሲያገኝ ለሁለቱም ቲኬት ገዛ። ቅዳሜ ማታ እናቱ የሸከፈችውን ሻንጣ መልሳ ፈታችው። «አንተ ሂድልኝ። በስልክ ታሳየኛለህ።» የሆቴሉ ማስታወሻ ወረቀት ላይም ጻፈችለት፦ ጢማሙ ዛፍ። ጋሪ። ባለ ትልቅ መዘውሩ ጀልባ። የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ገበታ ላይ የሚበሉበት ቤት። ወንዙ ዳር የማታ ሙዚቃ። የመናፍስት ጉብኝት ከሚለው አጠገብ «ይኼ ይቅርብህ» ብላ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሐሙስ ቤቱ ጢም አለ። ከስኔሊንግ አቨኒው ሐበሻ ምግብ ቤት የመጣው የአልሙኒየም ትሪ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፤ ተጣጣፊ ወንበሩ እስከ ኮሪደር ደርሷል። ጎረቤታቸው እትዬ እህተማርያም በር ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ገቢ ስልክ እንደ ፖሊስ ይቆጣጠራሉ።

«ፌስቡክ ላይ አንዲት ሻማ የለጠፈ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!»

ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ነዘረ። ሶሲ በዚህ ጊዜ የሮጠችው ወደ እናቷ ቁምሳጥን ነው። በሩን ከውስጥ ስባ ዘጋች፤ የሥራ ዩኒፎርሞቹ ፊቷን ነኩት። አሁንም የሆቴሉን ሳሙና ይሸታሉ።

«ገበታው ላይ ነኝ» አለ ናሆም። ረጅም ጠረጴዛ ታየ፤ ሰዎች ሳህን ይቀባበላሉ። «ዶሮ ጥብስ፣ ባሚያ፣ ጎመን። ጎመኑ የኛው ነው፣ የአሳማ ሥጋ አስገቡበት እንጂ።»

«እማዬ ብትሰማ ጠበል ትልክሃለች።»

ናሆም አልሳቀም። አጠገቡ አንድ ባዶ ወንበር አለ። «አንዲት አሮጊት ብቻህን ነህ ወይ አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እናቴ እየመጣች ነው አልኳት።»

 ምን ማለቱ ነው? «እ… ደክሟት ተኝታለች» አለች።

«እሺ። ትተኛ።»

ከቁምሳጥኑ ወጥታ እስኪመሽ እንግዳ አስተናገደች። ጋሼ አክሊሉ ጠሯት። «ነይማ ልጄ፣ የዚህን ስልክ ፊደል አጉይልኝ። የእድሩን መልእክት ማንበብ አቃተኝ።»

ስልኩን ተቀበለች። የተከፈተው የዋትስአፕ ግሩፕ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ራሳቸው ያቋቋሙት፣ ልጅ ስለሆነች እሷን ያላስገቧት። ስሙ «ናሆም እንዳይሰማ» ይላል። አርባ ስድስት ሰው አለበት። ሶሲ ዝም ብላ ዝርዝሩን ወደ ታች ሳበችው። ኃይሉ። ከሚሪያ። መቅሊት።

ናሆም።

ጋሼ አክሊሉ የእድሩን ስሞች አንድ በአንድ ሲያስገቡ የናሆምንም አስገብተውታል። አርባ አምስት ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሲጽፍ አንድም ሰው ዝርዝሩን አላየም። የመጀመሪያውን መልእክት ነካች። «እህታችን የሺሀረግ አርፋለች። ናሆም እስኪመጣ ሁሉም ጸጥ ይበል።» ማን እንዳነበበው ተዘርዝሯል። ናሆም፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት።

ያኔ ነው የገባት። ከማክሰኞ ጀምሮ ናሆም አንድ ቀን እንኳ «እማዬን አገናኚኝ» አላለም።

«ምነው ልጄ፣ ገረጣሽ?» አሉ ጋሼ አክሊሉ።

ፊታቸውን አየችው። ጢማቸውን ሦስት ቀን አልተላጩም፤ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ያ እግሩን ያጣው ሰው አሁንም ዓይናቸው ውስጥ አለ። ሶሲ ፊደሉን ከማጉላት ይልቅ ጉንዳን እስኪያክል አሳነሰችው።

«ኧረ ባሰበት!»

«አርጅቷል ጋሼ። ሌላ ስልክ ይግዙ።»

ደረጃውን ወርዳ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ደወለች። የት ሆኖ ይሆን? መኪና ውስጥ? ድልድይ ላይ? ሦስት ጊዜ ጠራ። አራት። ከዚያ ጥሩምባና ከበሮ ተሰማ።

«ሶሲዬ» አለ። እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

«የት ነህ?»

«ወንዙ ዳር። ሙዚቃው ጋ።»

«መኪና እንዳትነዳ። ፕሊስ።»

 ጥሩምባው ብቻውን ቀረ። «የኪራይ መኪናውን ቁልፍ ማክሰኞ መልሻለሁ» አለ በመጨረሻ።

ሶሲ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«ማክሰኞ ኤርፖርት ሄጄ ነበር። ልሳፈር ቆሜ ስደውልልሽ፣ እማዬ ተኝታለች አልሽኝ። እግሬ እምቢ አለ፣ ሶሲ። እዚህ እስካለሁ ድረስ ተኝታለች። እዚያ ስመጣ…» አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ። «ፈራሁ። ደግሞ ከአንቺ አፍ እንዲወጣ አልፈለግሁም።»

«እኔም ፈርቼ ነበር። ትሞታለህ ብዬ።»

«ነገ እነሱ ይንገሩኝ። ጋሼ አክሊሉ እንዳያውቁ፣ እሺ?»

ዓርብ ከቀትር በኋላ ጓደኛው ኦላና ከኤርፖርት አመጣው። በሩ ሲከፈት ጥቁር የለበሱት ወንዶች ብድግ አሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሶሲ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀብራ ወንድሟን አየችው። ማስመሰል ይችል ይሆን?

«ናሆም ልጄ» አሉ ጋሼ አክሊሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «በርታ። እናትህ… የሺሀረግ… አርፋለች።»

ናሆም አላስመሰለም።  «እማዬ!» ብሎ ሲወድቅ አራት ሰው ያዘው፣ ቤቱም አብሮት ጮኸ። ሦስት ቀን ሲያውቀው የከረመው ነገር ገና አሁን ተነገረው።

«ተመስገን» አሉ ጋሼ አክሊሉ አቅፈውት እያለቀሱ። «ተመስገን፣ እንኳን በስልክ አልሰማህ።»

ናሆም በትከሻቸው ላይ ሶሲን አያትና በዓይኑ ወደ ጃኬቱ ኪስ አመለከታት። ሶሲ በሰዎቹ መሀል ተሽሎክልካ እጇን ከተተች። ግራጫ ነገር፣ ደረቅ፣ የተጠላለፈ፣ እናቷ ከሥራ ገብታ ሻሿን ስትፈታ ያለውን ፀጉሯን የሚመስል። ይዛው የእናቷ ፎቶ ወዳለበት ጠረጴዛ ሄደች፤ ከክፈፉ ጥግ አንጠለጠለችውና በአውራ ጣቷ አሻሸችው።

«ሻካራ ነው፣ እማዬ» አለቻት በሹክሹክታ።