የደመላሽ ሹራብ ግራ እጅጌ

የልጄን ሹራብ ከሣጥን አውጥቼ ስቱዲዮ ያደረስኩት እኔው ራሴ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ «ወንጌላዊት አሮጊቷን አታልላ ወሰደችባት» እያሉ የሚያወሩ ስላሉ ነው። እኔን የሚያታልል ገና አልተወለደም። በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ስቱዲዮ የሚሉት ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ ባለ ሦስት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ወንጌላዊት ባሕር ዳር ተምራ መጥታ ከፈተችው። እሷ ሹራቡን ወረቀት ላይ ትነድፋለች፣ እኛ አሥራ አራት ሴቶች በጮቄ በግ ጠጉር እንሠራዋለን። ነዳፊ መባሉ የእሷ ነው። የነደፈችው አንገት ጭንቅላት እንደማያስገባ፣ ብብቱ እንደሚይዝ የምነግራት ግን እኔ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። ሹራብ ግን በደርግ ጊዜ ከሴቶች ማኅበር ተምሬ ይኸው አርባ ዓመት አልፎኛል። «በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀለበት ስቼ አላውቅም» እያልኩ ስቱዲዮ ባሉት ወጣት ልጆች ፊት እፎክራለሁ። ቀለበት የምንለው መርፌው ላይ የሚሰካውን የክር ዙሪያ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ቀሪው ይዛባል።

ለልጆቹ የማስተምራቸው አንድ ነገር ነው። ያልገባሽን ሥራ ተርትሪው። ዓይን ይሸነግላል፤ ክሩን ወደ ኋላ እየሳብሽ ስትፈቺው ግን እጅሽ የመጣበትን መንገድ ያውቀዋል። የተተረተረ ክር ተጠማዞ ስለሚቀር በለብታ ውሃ እጠቢው፣ ቱባ አድርገሽ ገመድ ላይ ስቀይው፣ ከታች ድንጋይ አንጠልጥይበት፤ ሲደርቅ ቀጥ ይላል። ከዚያ እንደገና ጀምሪ። እኔ ሌላ ትምህርት የለኝም።

ደመላሽ በስተርጅና የወለድኩት የመጨረሻ ልጄ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሹራብ ሠራሁለት። የገብስ ዛላ ከወገቡ ተነሥቶ፣ ደረቱን ወጥቶ፣ ትከሻው ላይ ሳይቆረጥ ወደ እጅጌው ይሻገራል። ከማንም አልቀዳሁትም፣ ከራሴ ያወጣሁት ነው። ግራ እጅጌውን እየሠራሁ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ ከእነ አበረ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ልወርድ ነው።»

«ቆላው ይበላሃል።»

«ሁለት ወር ነው እኮ። ጥርስ የለው፣ ምኑ ይበላኛል?»

ስንከራከር አንድ ቀለበት ሳትኩ። ያወቅኩት ጨርሼለት ከለበሰው በኋላ ነው። «አውልቀው፣ ላስተካክለው» አልኩት። «ስመለስ ታስተካክይዋለሽ» አለና እየሳቀ ሄደ። ቀለበት መሳቴን ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ወባ ገደለው። እዚያው ቀበሩት። ጓደኛው አበረ ሹራቡን በፌስታል ይዞልኝ መጣ። እኛ ዘንድ ሬሳው ያልመጣ ሰው በልብሱ ይለቀስለታል፤ ሹራቡን ድንኳኑ መካከል ዘርግተን አለቀስንበት። በአርባው የንስሐ አባቴ ልብሱን ለደሃ እንድሰጥ ነገሩኝ። ሌላውን ሁሉ ሰጠሁ። ሹራቡን እምቢ ብዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ላቡ አለበት። ክርኑ ላይ የክንዱ እጥፋት አለ። ጠዋት ጠዋት ሣጥኑን ከፍቼ እጄን ግራ እጅጌው ውስጥ እሰዳለሁ። የሳትኩት ቀለበት ጋ ስደርስ ጣቴ ያውቀዋል። ያን ጊዜ አጠገቤ ቁጭ ያለ ይመስለኛል።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ስቱዲዮ ውስጥ የዘንድሮውን ሥራ የሚያዩ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ወንጌላዊት ሹራቡን ለቅሶው ላይ አይታዋለች። «እማማ የብርጓል፣ አንድ ቀን ብቻ ያውሱኝ» ብላ ሦስቴ ለመነችኝ። ሦስቴም እምቢ አልኩ።

ኋላ ወለላ አፏን ከፈተች። ወለላ የጉንደ ወይን ሴት ናት፣ እኩያዬ። እጇ ክፉ አይደለም፣ ክፉው ምላሷ ነው።

«ያን ዛላ እኛ አገር ያልሠራው የለም» አለች፣ መርፌዋን ሳታቆም። «የባሌ እናት ትሠራው ነበር። ትከሻው ላይ ትቆርጥና ትሰፋዋለች።»

«የእኔ አይሰፋም» አልኳት።

«ሳይሰፋ በምን ይሻገራል? በድልድይ?»

«የባልሽ እናት ካልሲ መሥራት መቼ ቻለችና ነው ለሹራብ የበቃችው?»

«አይ የብርጓል። ሰው ሲያዝን ያልሠራውን ሠራሁ ይላል፣ አልፈርድብሽም። እኔ ግን ለቅሶው ላይ ስፌቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ሲስቁ ሰማኋቸው።

በማግሥቱ ሹራቡን ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ወለላ ገለበጠችው፣ ትከሻውን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ስፌት አጣችበት። «እንግዲህ» ብላ ተቀመጠች። ያቺ «እንግዲህ» ሆዴን ሞላችው። ያኔውኑ መልሼ ቤቴ መውሰድ ነበረብኝ። ሞኝነቴ፣ ሁሉም ደጋግመው እንዲያዩት ፈለግኩ። ትሕትናን ጠራሁ። የደምበጫ ልጅ ናት፣ ከሁሉም የእኔን እጅ የወረሰች እሷ ናት።

«ዛላው እንዴት እንደሚሻገር አጥኚና ለወንጌላዊት ንገሪያት። ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ ግቢው ውስጥ ገመዱ ላይ ቡናማ ቱባ ተሰቅሏል፣ ከታቹ ድንጋይ ተንጠልጥሎበታል። ውሃው ይንጠባጠባል። ትሕትና እየሮጠች መጣች፤ ፊቷ በርቷል።

«እማማ፣ ገባኝ። ብቆጥር ብቆጥር እምቢ ሲለኝ ተረተርኩት። ለካ ትከሻው ላይ ሁለቱን መርፌ አቋርጠው ኖሯል...»

ፊቴን ስታይ ቆመች። ቱባውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የልብስ ሳሙና ሸተተኝ። ሌላ ምንም የለውም።

«እርስዎ ነዎት ያሉት» አለች ቀስ ብላ። «ያልገባሽን ተርትሪው ብለው።»

ለጥፊ ያነሣሁት እጅ አየር ላይ ቀረ። ምን ብዬ ልምታት? ሁሉም ተሰበሰቡ። ወለላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ወንጌላዊት እያለቀሰች፣ «ንድፉን በስምዎ እንሰይመዋለን፣ እንግዶቹም የእርስዎ ሥራ መሆኑን ያውቃሉ» አለችኝ።

«ስም አለኝ» አልኳት። «ስም ያወጣችልኝ እናቴ ናት።»

ትሕትና በዚህ መካከል፣ «ግን እኮ እማማ፣ ግራ እጅጌው ላይ አንድ...» ብላ ጀመረች። ወለላን አየት አደረገችና ቃሉን ዋጠችው። ስትተረትረው አግኝታዋለች። የአርባ ዓመት ፉከራዬ በእጇ ነበር፣ አንድ ቃል ብትናገር ወለላ እስክትሞት ትስቅብኝ ነበር። ልጅቱ ሸፈነችልኝ። ለዚያ ደግሞ ይበልጥ ጠላኋት።

እርጥቡን ክር በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ። ለሙት ዓመቱ ስምንት ቀን ቀርቶኛል። ዘመድ ይመጣል፣ ድንኳን ይጣላል፤ የሚለቀስበት መቃብር የለም፣ ያለው ይህ ነው። መርፌዬን አነሣሁ። ወገቡ ወጣ፣ ደረቱ ወጣ፣ ዛላው ትከሻውን ተሻገረ። እጄ ምንም አልረሳም። ክርኑ ግን ገበያ ላይ እንደተሰቀለ ልብስ ቀጥ አለ።

ግራ እጅጌው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የሳትኩት የት ላይ እንደነበር ጣቴ እንጂ ራሴ አያውቅም፣ ቆጥሬው አላውቅም። እዚህ ይሆናል ብዬ ዐውቄ አንድ ቀለበት ሳትኩ፤ ስዳስሰው ባዕድ ሆነብኝ፣ ተረተርኩት። ዝቅ ብዬ ሞከርኩ። ያም አይደለም። ሦስተኛውንም ተረተርኩት። ቦታውን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች።

እሷም መጣች። አጥሩ ላይ ቆማ፣ «እማማ፣ አንድ ነገር ብቻ ነግሬዎት ልሂድ» አለች።

«ማን ጠራሽ?» አልኳትና በሩን ዘጋሁት። በማግሥቱ ደግማ መጣች። እንደገና ዘጋሁት። ሄዳለች ብዬ ስከፍተው እውነትም ሄዳ ነበር። እጅጌውን ያለ እንከን ጨረስኩት።

የሙት ዓመቱ ቀን ሹራቡን ድንኳኑ መካከል ሰቀልነው። ዘመድ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። የባሌ እህት ጫፉን ስማ ወደ እኔ መጣችና፣ «እንዴት አድርገሽ ነው እንደ አዲስ ያቆየሽው?» አለችኝ። ሰው ሁሉ በልጄ ያለቅሳል፣ እኔ ቁጭ ብዬ ደኅና የተሠራ ሹራብ አያለሁ። እንባ እምቢ አለኝ።

የስቱዲዮ ሴቶች ከሰዓት መጡ። ትሕትና ወደ ሹራቡ ሄደች። እጇን ግራ እጅጌው ውስጥ ሰደደች፣ ጣቷ እየቆጠረ ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ደግማ ዳሰሰችው። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ከብብቱ ሃያ ሦስተኛው ዙር ላይ ነበር፣ እማማ። ይህንኑ ልነግርዎ ነበር የመጣሁት።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ታዲያ ለምን...»

«ስትመለስ አስተካክለዋለሁ ብዬው ነበር። አስተካከልኩት።»

አየችኝ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። አመነችኝ፣ እንዲያውም እንባዋ መጣ። እኔ ድንኳኑን የያዘውን ቋሚ እያየሁ በልቤ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሦስት እላለሁ።

ሰው ሲበተን የንስሐ አባቴን ጠራኋቸውና ሹራቡን አጥፌ ሰጠኋቸው። ብርድ ላይ ላለ ተማሪ ስጡት አልኳቸው። በአርባው እምቢ ያልኩትን ዛሬ በመስጠቴ ባረኩኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ምንስ እላቸዋለሁ፤ የልጄ ልብስ መስሏቸዋል።