ከታች ያለችው ድምፅ

የመኪና በር ከቀረጠፋት ወዲህ የግራ እጇ ትንሽ ጣት አልታጠፍም ብላ ቀርታለች። ለሌላ ሰው ትንሽ ጣት ምኑ ናት? ጆሮ መኮርኮሪያ! በቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ማንዶሊን ለምትጫወት ሴት ግን ያለ እሷ ሥራ የለም። የአኮርዲዮኑ ሰውዬ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሙዚቃ መሪው ወዲያው ነው ያሰናበተው። ስለዚህ ከባሏ በቀር ለማንም ትንፍሽ ሳትል፣ ጣቷ የማትደርስበትን ድምፅ እየዘለለች ከረመች። መሪው ግን አንዳንዴ የሚመራበትን ዱላ አቁሞ አንገቱን ዘንበል ያደርግና «እስቲ ድገሙት» ይላል። ያኔ ወረቀቷ ላይ ታቀረቅራለች።

አሁን ደግሞ አዲሱ ቲያትር ገዳዩ በሩን ሲከፍት የሚመታ፣ አራት ድምፅ ባንዴ የሚያሰማ አንድ ጉደኛ ኮርድ ይዞባት መጣ። ሌባ ጣት ማንዶሊኑ አንገት ላይ ካሉት ፍሬት የሚባሉ ብረቶች ሁለተኛው ላይ፣ መሐል ጣት ሦስተኛው ላይ፣ የቀለበት ጣት አምስተኛው ላይ ሆነው ሦስቱን ክሮች ይይዛሉ። ወፍራሙን ክር ስድስተኛው ላይ መያዝ ያለባት ያቺው አልታጠፍ ባይ ናት።

ጠዋቱን ሙሉ ማእድ ቤት ቁጭ ብላ መላ ፈለገች። ወፍራሙን ክር ሳትይዘው ባዶውን እየመታች ጣቶቿን ወደ ላይ ብታሸጋሽግ ድምፆቹ ሁሉ ተገኙ፤ ግን ከታች ሆና ማጉረምረም ያለባት ድምፅ መሐል ገባችና ኮርዱ ለዛውን አጣ። አውራ ጣቷን አሻግራ ብትሞክር ክሩ ታነቀ።

«ለምን አትነግሪውም?» አለ ባሏ ሸሚዙን እየተኮሰ። «መሪው አይበላሽም።»

«አይበላም፤ ያሰናብታል እንጂ።»

በመጨረሻ ወፍራሙን ክር ጭራሽ ተወችው። ያቺን ድምፅ ባለ ቤዝ ጊታሩም ይመታታል፤ ማን ልብ ይላል?

ልምምድ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ሲመቱት ኮርዱ ጠጉር የሚያቆም ሆነ። እፎይ ልትል ስትል መሪው ዱላውን አቆመ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

«እስቲ ማንዶሊን ብቻዋን» አለ።

ምን ይዋጣት? መታች። ገዳይ የሚያስገባው ኮርድ ሙሽራ የሚያስገባ ሆኖ ቁጭ አለ። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

«ከታች ያለችውስ ድምፅ?» አለ መሪው።

«ትንሿ ጣቴ አትታጠፍም፣ ጋሼ» አለች። «እየዘለልኩ ነው የከረምኩት።»

መሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቁጣውን ስትጠብቅ እሱ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አስተኛው።

«እኔኮ ጆሮዬ የጠፋ መስሎኝ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወረቀቱ ላይ አለ፤ እኔ አልሰማውም። ሥራዬን ልተው ነው ብዬ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ። አንቺ ነሽ ለካ!»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ቦታሽ የትም አይሄድም፤ ጣትሽን ታከሚ። ብቻ የዘለልሻቸውን ንገሪኝ።» ገጾቹን እየገለጠ ጠየቃት፣ እሷም መለሰች። አዎ፣ ይኼን ዘልያለሁ። ይኼንንም። «መጋረጃው ሊዘጋ ሲል ያለውስ? እሱንም አልሰማውም» አለ መሪው።

ያ ኮርድ በሦስት ጣት የሚያዝ ነው። አንድም ቀን ሳታጎድል መትታዋለች። መሪው ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«እሱንም ዘልዬዋለሁ» አለች።

«ተመስገን» ብሎ ዱላውን አነሳ። እሷ ግን ለእሱ የፈራችውን ያህል ለራሷም ቢሆን ፈርታ አታውቅም።